ቀስ ያለ ዮጋ ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

ክርክሩ

ስልክ የያዘ ሰው ይሄን ዓይነት ቪዲዮ ሳያይ አይቀርም። አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ቀስ ብላ ትዘረጋጋለች፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ አለ፣ ከሥር ደግሞ «በ28 ቀን ሰውነትዎን ይቀይሩ» የሚል ጽሑፍ ይሮጣል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ወሬው ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ክርክር ይዞራል። ጂም የሚሠራው ጎረምሳ «ኧረ አቦ! ይሄ መተኛት ነው እንጂ ስፖርት ነው እንዴ?» ይላል። ወገቧን የሚያማት ሴት ግን ጎረቤቷ በዚሁ ተሻለኝ ስትል ሰምታለች፣ ልትሞክረው ትፈልጋለች። ሌላው ደግሞ ነገሩን ወደ እምነት ይወስደዋል፤ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሲደበላለቁ ነው። ጡንቻ ያጠነክራል ወይ የሚለው የሰውነት ጥያቄ ነው፣ ወገብ ያሽላል ወይ የሚለው የሕክምና፣ ይፈቀዳል ወይ የሚለው የሃይማኖት። ለየብቻ ሲታዩ ቪዲዮው ከሚለው ያነሰ፣ ጎረምሳው ከሚለው ደግሞ የበለጠ ነገር ይገኛል።

የትኛው ዮጋ?

ዮጋ የህንድ ነው፣ መነሻውም ከስፖርት ይልቅ ወደ ምናኔ ይቀርባል። መቀመጥ፣ ትንፋሽን መግዛት፣ ሐሳብን አንድ ቦታ ማሳረፍ። የፓታንጃሊ ሱትራ በሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ አጫጭር አንቀጾች አሉ፤ ስለ አሳና፣ ማለትም ስለ ሰውነት አቋም፣ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ዛሬ ስልክ ላይ የምናየው ከአቋም ወደ አቋም መሸጋገር በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ነው። ማይሶር ከተማ በቤተ መንግሥቱ ድጋፍ ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻሪያና ተማሪዎቹ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የአውሮፓ ጂምናስቲክም እጁ አለበት የሚሉ የታሪክ አጥኚዎች አሉ፤ ምን ያህል የሚለው ላይ ግን አይስማሙም።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ኢየንጋር (እ.ኤ.አ. 1918–2014) ነው። ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው የሚጠቅመው ነገር ከእሱ ዘንድ ይገኛል። ሰውነቱ እንደ ልብ የማይታዘዝለት ሰው አቋሙን እንዲይዝ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክና የታጠፈ ብርድ ልብስ መጠቀምን በሰፊው ያስለመደው እሱ ነው። እኛ ቤት ይሄ ሁሉ አለ፤ ጋቢው ይታጠፋል፣ ሽርጡ ወይም ነጠላው ቀበቶ ይሆናል።

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጁን 21፣ በእኛ ሰኔ 14፣ የዓለም የዮጋ ቀን ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፣ በህንድ ጥያቄ። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው።

«ቀስ ያለ ዮጋ» የሚባለው አንድ ትምህርት ቤት የለውም። ወደ አቋሙ በዝግታ መግባት፣ ለጥቂት ትንፋሽ እዚያው መቆየት፣ በዝግታ መውጣት፣ ይኸው ነው። ፈረንጆቹ ማይንድፉልነስ የሚሉትን እኛ ቀልብ መሰብሰብ ብንለው ይበቃል። የሚሠራውን ክፍል እያዳመጡ መሥራት ማለት ነው፣ ቴሌቪዥን እያዩ ሳይሆን።

ዝግታው ጡንቻ ላይ

አንድ አቋም ጠጋ ብለን እንየው። ወንበር ይሉታል። እግር በዳሌ ስፋት ይከፈታል፣ ተረከዝ መሬት ይይዛል፣ መቀመጫ ወደ ኋላ እየተገፋ ወደ ታች ይወረዳል። እስከ አምስት እየቆጠሩ መውረድ። እዚያው አምስት ትንፋሽ መቆየት። እስከ አምስት እየቆጠሩ መነሳት። የመጀመሪያው ትንፋሽ ቀልድ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ ጭን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አምስተኛው ላይ ፊት ይጨማደዳል። «መተኛት ነው» ያለውን ጎረምሳ እዚህ ላይ ማየት ነው።

ለምን እንዲህ ይከብዳል? ቶሎ ቶሎ ቁጭ ብድግ ስንል ፍጥነቱ ራሱ ያግዘናል። ታች ስንደርስ የተወጠረው ጡንቻና ጅማት እንደ ላስቲክ ነጥሮ መልሶ ያነሳናል። በዝግታ ሲሆን ይሄ እገዛ ይቀራል፣ ሸክሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጡንቻው ብቻውን ይይዘዋል። መንቀጥቀጡ የድካም ምልክት ነው። የደከሙት የጡንቻ ክሮች ሲለቁ ሌሎች እየገቡ ነው፣ ርክክቡ ደግሞ ለስላሳ አይደለም።

ባለሙያዎች እዚህ ላይ ሁለት ቃል አላቸው። መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻ ሲወጠር አይሶሜትሪክ ይሉታል፤ ታች ላይ ስንቆይ ያለው ነው። ጡንቻ እየተሳበ ሸክም ሲይዝ ደግሞ ኤክሰንትሪክ ነው፤ ስንወርድ ያለው። ጡንቻ ማንሳት ከሚችለው የበለጠ ክብደት ማውረድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ፑሽአፕ እንኳ የማይወጣለት ሰው፣ እጁን ዘርግቶ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ከያዘበት ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ መሬት መውረድ አያቅተውም። ጉልበቱን ተደግፎ ይነሳና ደግሞ ይወርዳል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፑሽአፕ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ገደብ ግን አለ። በአይሶሜትሪክ የሚገኝ ጥንካሬ በአብዛኛው በተያዘው ማዕዘንና በአካባቢው ይቀራል። ሁሌ ግማሽ ድረስ ብቻ የሚወርድ ሰው ጥንካሬውም ግማሹ ላይ ነው። አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ አድርጎ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዝግታን ታምር ማድረግም አይገባም። በክብደት ማንሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ድግግሞሽ ከግማሽ ሰከንድ እስከ 8 ሰከንድ ድረስ ቢፈጅ የጡንቻ እድገቱ ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በላይ መጎተት ትርፉ አይታይም። ዋናው ጡንቻው ወደ ድካም መጠጋቱ ነው። የዝግታ ጥቅም ያለ ብረትና ያለ ማሽን፣ በገዛ ሰውነት ክብደት ብቻ እዚያ ድካም ላይ ማድረሱ ነው። ሰውነት ግን ይለምዳል። ያ ወንበር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካልከበደ ዝቅ ማለት፣ መቆያውን ማርዘም፣ ወይም ክብደቱን ወደ አንድ እግር ማድላት ይመጣል። ይሄን የማያደርግ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ ያለበት ነው የሚቆየው።

የ28 ቀኑ ነገርስ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጥንካሬ በአብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው፤ አንጎል ያለውን ጡንቻ በአግባቡ ማዘዝ ይማራል። በዓይን የሚታይ የጡንቻ ለውጥ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈልጋል። በአራት ሳምንት ከወንበር መነሳት ይቀላል፣ ደረጃ መውጣት ይቀላል። ፎቶው ላይ ያለውን ሆድ ግን አትጠብቁ።

መተጣጠፍ ከየት ይመጣል?

ትምህርት ቤት ስፖርት ክፍለ ጊዜ «አንድ! ሁለት!» እየተባለ የእግር ጣት ለመንካት ወደፊት ሲነጠር የነበረውን ታስታውሱ ይሆናል። ጡንቻ ውስጥ የመሳብን መጠንና ፍጥነት የሚለኩ ጥቃቅን ተቆጣጣሪዎች አሉ። ድንገት ሲሳብ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። በየንጥረቱ የምንታገለው ከዚህ ጋር ነው። ቀስ ብለን ስንገባ ግን ተቆጣጣሪው ያን ያህል አይጮህም።

ብዙ ሰው በመሳሳብ ጡንቻ የሚረዝም ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዋናነት የሚለወጠው ግን መቻል ነው፣ የነርቭ ሥርዓቱ ያንን ውጥረት አደጋ ብሎ ማየት እየተወ ይሄዳል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለአብዛኛው አዋቂ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ፣ ለአረጋውያን እስከ 60 ሰከንድ መቆየትን ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን፣ ቢቻል በየቀኑ። በትንፋሽ ብንለካው 30 ሰከንድ ማለት አምስት ረጃጅም ትንፋሽ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቀልብ የመሰብሰቡ ነገር ጌጥ መሆኑ ይቀራል። መሳብና ማመም የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የሚያዳምጥ ሰው ነው። ከጭን ኋላ መሃል ላይ የሚሰማ ደብዛዛ ውጥረት ደህና ነው። መቀመጫ አጥንት ላይ፣ ጡንቻው በሚጀምርበት ቦታ የሚወጋ ሕመም ግን ጅማቱ እየተጎዳ መሆኑን ይናገራል፣ ረጅም ጊዜ ዮጋ የሠሩ ሰዎች ላይ የሚታወቅ ጉዳት ነው። ሲያም ገፍቶ መሄድ ጀግንነት አይደለም።

ነደባ፣ በርጫና ወገብ

ለመተጣጠፍ እኛ አካባቢ ከብዙ ዓለም የተሻለ መነሻ አለ። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ገብታችሁ ካያችሁ ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ሰው ምንጣፍ በተነጠፈበት ነደባ ላይ፣ ከፍና ዝቅ ባለው መደብ ላይ ይቀመጣል። ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠቡ፣ ከሰል ማቀጣጠሉ አሁንም አለ። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው ግዴታ የሆኑትን 17 ረከዓዎች ብቻ ብንቆጥር 34 ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል። ኦርቶዶክሱም በሁዳዴ ስግደት አለው። አምልኮ አምልኮ ነው፣ ስፖርት ለማለት አይደለም። ግን ዳሌና ቁርጭምጭሚት እስከ ዳር የመታጠፍ ዕድል ያገኛሉ፣ ይሄ ዕድል ከወንበር ለማይወርድ ሰው የለም።

ታዲያ ለምን ወገብ ያመናል? አንዱ ምክንያት መታጠፍ መቻልና መሸከም መቻል የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሌላው አንድ ቦታ መቆየት ነው። በርጫ ላይ ያለውን አቀማመጥ አስቡት። አንድ ክርን መከዳ ላይ፣ ክብደቱ ሁሉ በአንድ ዳሌ፣ አንገት ወደ ስልክ የታጠፈ፣ ይሄ ከምሳ በኋላ ለሰዓታት። የባጃጅ ሹፌሩም ቀኑን ሙሉ ወደፊት አጎንብሶ ነው የሚውለው። መቀመጫና የላይኛው ጀርባ ጡንቻ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ እኛ ጋ ለብዙ ሰው የሚያስፈልገው ከመሳሳብ ይልቅ ይዞ መቆየት ነው። ለምሳሌ ድልድይ የሚባለው፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳትና መቆየት፣ ሥራ የፈታውን ጡንቻ በቀጥታ ያገኘዋል።

ሳይደገፉ ከወለል መነሳት ሁለቱንም ችሎታ አንድ ላይ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከብራዚል የወጣ፣ ከ51 እስከ 80 ዓመት ያሉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከወለል መነሳት የሚከብዳቸው ሰዎች በሚቀጥሉት ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። መነሳቱን መለማመድ ዕድሜ ይጨምራል ማለት ግን አይደለም፤ መነሳት ያቃተው ሰው ሌላም ሕመም ሊኖርበት ይችላል።

ስለ ወገብ ሕመም በቀጥታ የሚናገር መረጃም አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ዮጋን አስገብቷል። በዚያው ዓመት ቦስተን ላይ 320 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ እንዳላነሰ አግኝቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ቁጥብ ነው። ምንም ካለመሥራት ይሻላል፣ ግን መሻሻሉ ትንሽ ነው፣ ከሌላ የጀርባ እንቅስቃሴ ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ የሚገባን፣ ወገብን የሚረዳው መንቀሳቀሱ ነው። ዮጋ አንዱ መንገድ ነው፣ ለሚወደው ሰው።

የማይደርስበት

ጎረምሳው ትክክል የሆነበት ቦታ እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልገዋል። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ሦስት ቀን ይጨመራል። ቀስ ያለ ዮጋ ለጡንቻውና ለሚዛኑ ያገለግላል። ልብና ሳንባን ግን ብዙም አይገፋም። የድሬዳዋን ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ወይም የጀጎልን ዳገት መውጣት ከምንጣፉ ይልቅ ለልብ ይጠቅማል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌላው ብዙ አስተማሪዎች የማያነሱት ነው። ዮጋ ውስጥ መሬት መግፋት ሞልቷል፣ ነገርን ወደ ራስ መጎተት ግን የለም ማለት ይቻላል። መጎተቻ ጡንቻዎች፣ ማለትም ትከሻን ወደ ኋላ የሚይዙት፣ በባዶ እጅ ምንጣፍ ላይ ሥራ አያገኙም። መፍትሔው ከቤት አይርቅም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፣ ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ። ከወገብ አጎንብሶ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ በአንድ እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ትንሹን ጀሪካን ወደ ጎድን ቀስ ብሎ መሳብና ቀስ ብሎ መመለስ። ይሄ ዮጋ አይደለም የሚል ካለ ይበል።

የእምነቱ ጥያቄ

ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የስፖርት ጽሑፍ አይፈታውም። ሌላ ቦታ የሆነውን ማወቅ ግን ክርክሩን ያጠራዋል። የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ከሂንዱ አምልኮና ዜማ ጋር የተያያዘውን ዮጋ ለሙስሊሞች ከለከለ፤ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ያለ ዜማው እንቅስቃሴውን መሥራት ይቻላል አሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ማስተማር ፈቀደች። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ዮጋ ከክርስትና እምነት ጋር አይሄድም ብሏል።

ልዩነቱ የሚነሳው እንቅስቃሴው ከሥሩ ሊነጠል ይችላል ወይ ከሚለው ነው። አንዱ ወገን ወንበር የመሰለ አቋም መያዝ የማንም እምነት አይደለም ይላል፤ ሌላው ስሙም ሥርዓቱም አብሮ ይመጣል ብሎ ይሰጋል። የሰውነት ጥቅሙን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ስሙ የግድ አይደለም። ጡንቻና ነርቭ የሚሰሙት ሸክሙን፣ ጊዜውንና ትንፋሹን ነው፣ ማንትራውን፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚዜመውን ቃል፣ አይደለም። ጥርጣሬ ያለው ሰው የሚያምነውን ሸህ ወይም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ወለሉ፣ ሙቀቱና ጥንቃቄው

ቢክራም የሚባል የዮጋ ዓይነት አለ፣ ሆን ተብሎ 40 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚሠራ። ድሬ ግንቦት ላይ ይሄን በነጻ ትሰጣለች። ሰውነት ሲሞቅ የተፈታ ይመስላል፣ ችግሩም እዚያ ነው፤ ሰው ከአቅሙ በላይ ይሳባል፣ የሚጠፋው ላብም ቀላል አይደለም። ድሬ ላይ ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ ነፋስ ሲመጣ መሥራት ይሻላል። ሐረር ከፍ ያለች ናትና ጧት ይበርዳል፣ እዚያ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ተንቀሳቅሶ መሞቅ ያስፈልጋል። በረመዳን ብዙ ሰው የሚመቸው ከማፍጠሪያው ጥቂት ቀደም ብሎ በቀላሉ፣ ወይም ካፈጠረ በኋላ ምግቡ ሲሰክን ነው።

ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ሰሌን ብቻውን ያንሸራትታል። የማይንሸራተት የስፖርት ምንጣፍ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ በባዶ እግር ግድግዳ አጠገብ መሥራት፣ ጉልበት ሥር ጋቢ ማድረግ።

ግፊት ያለበት ሰው አቋም ሲይዝ ትንፋሹን ማፈን የለበትም፣ የደም ግፊት በዚያች ቅጽበት ይወጣል። ይሄ ማለት ይዞ መቆየት ለግፊት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ 270 ጥናቶችን የሰበሰበ ትንታኔ የእረፍት ጊዜ ግፊትን በመቀነስ በኩል አይሶሜትሪክ ልምምድን፣ በተለይ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥን፣ ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች አስበልጦታል። ሆኖም ኪኒን አይተካም፣ የሚጀመረውም ሐኪም እያወቀ ነው። ምርቃና ላይ ሆኖ ደግሞ አይሞከርም፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በራሱ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ላዩ ላይ ሌላ መጨመር ጥሩ አይደለም።

ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንበትን አቋም ይተወዋል፣ የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ። በጭንቅላት መቆም የሚባለውን ቤት ውስጥ ለብቻ የሚማር ማንም ባይሞክረው ይመረጣል፣ አንገት ያን ሸክም እንዲይዝ አልተሠራም። አጥንቱ የሳሳ ሰው ወደፊት በኃይል መታጠፍን ያስቀራል። ነፍሰ ጡር ከሐኪሟ ተነጋግራ ትጀምራለች፣ ሆድን የሚጫንና በኃይል የሚጠመዝዝ ነገር ይቀርባታል። ወገብ ላይ ጀምሮ ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ግን ዮጋውም ወጌሻውም ይቆያሉ፤ ያኔ የሚኬደው በቀጥታ ሆስፒታል ነው።